የሙሴ ሉሲየን ግራ በኩል

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1997፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዳላስ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው በአክስቴ በእማዋይሽ አፓርትመንት ማዕድ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ አክስቴ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሁለተኛው ጋሼ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለው አሁን ዳላስ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ። ሦስተኛው እኔ ሞገስ ነኝ፤ እኔም ታክሲ እነዳለሁ። አራተኛው ሉሲየን ቫሬን የሚባል ፈረንሳዊ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ነው።

ፍልሰታ ስለነበር የቀረበው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ጋሼ ወልዴና ሉሲየን በፈረንሳይኛ ያወራሉ። አክስቴ በሉሲየን ግራ በኩል ተቀምጣ ነበር፤ ደህና አድርጋ ጠቀለለችና ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። ጉርሻ ሲመጣበት ሰው ወይ አፉን ይከፍታል፣ ወይ እየሳቀ ወደ ኋላ ይላል። ሉሲየን አንዱንም አላደረገም፤ ወሬውን ቀጠለ። የአክስቴ እጅ ከጉንጩ አንድ ስንዝር ርቆ አየር ላይ ቆመ።

«በሞቴ፣ እንካ» አለች።

አልዞረም። ጉርሻው ጉንጩን ሲነካው እንደ ተነደፈ ሰው ዘለለ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ የውሃው ብርጭቆ ተደፋ። ከዚያ ሳቀና ይቅርታ ጠየቀ፤ አልጠበቅሁትም አለ። ጋሼ ወልዴም ሳቁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ሳህን ላምጣ ብላ ተነሣች፣ እኔንም በዓይኗ ጠራችኝ።

«ሞጌ፣ ይህ ሰውዬ በግራ በኩል የለም» አለችኝ ወጥ ቤት ስንገባ።

«የለም ማለት?»

«አያይም ማለቴ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያሉ ሦስት አሉ። ምግቡን በግራቸው ካስቀመጥኩት ሳይነኩት ይቀራል፤ ከዚያ አልበላንም ብለው ሱፐርቫይዘሯ ጋ ይከሱኛል።»

«ደህና እያወራ ነበር እኮ።»

«ለወሬ ዓይን ያስፈልጋል እንዴ? ሥራው ምንድን ነው ያልከኝ?»

«መኪና ነው የሚነዳው። እሽቅድድም።»

ሳህኑን እንደ ያዘች ቆመች። «በሰዓት ስንት ይነዳል?»

«እስከ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር።»

«እንግዲህ እሱን እግዚአብሔር ይጠብቀው አልልም፤ አጠገቡ ያሉትን ይጠብቅልን» አለችና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ወደ ማዕዱ ስንመለስ ጉዳዩ ተነሥቶ አገኘነው። ሉሲየን ሐሙስ ዕለት ዴንተን ውስጥ አንድ ሐኪም ዘንድ የዓይን ምርመራ አለበት። ካለፈ ሴፕቴምበር ላይ የሚወዳደርበትን መኪና ለመንዳት ከአንድ ቡድን ጋር ይፈራረማል። ካላለፈ መኪናው ለሌላ ይሰጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀበለው ቡድን እንደማይኖር እሱም አልደበቀም። ታዲያ ጋሼ ወልዴ አስተርጓሚ ሆነው አብረውት እንዲገቡ ለመነ። ጋሼ ወልዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉ።

 ግን ከእኔ ጋር ሁለት ሳምንት ያህል ያወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል።

ያገኘሁት በጁላይ ማብቂያ ላይ ነው። ከፎርት ወርዝ በስተሰሜን አዲስ ወደ ተሠራው የእሽቅድድም ሜዳ የሚወስደው ታክሲ ጠርቶ እኔ ደረስኩ። ከየት ነህ ሲለኝ ነገርኩት። «አባቴ እዚያ ሠርቷል፤ ባቡሩ ላይ» አለኝ። ተሳፋሪ እንዲህ ይላል፤ የአንዱ አጎት ሚሲዮናዊ ነበር፣ ሌላው ናይሮቢ ሄዶ ያውቃል። አላመንኩትም። በማግስቱም እኔኑ ጠራኝ፤ ከዚያ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፒክ አፕ እንዳደርገው ተስማማን።

መኪና በመንዳት የሚኖር ሰው ለምን በታክሲ ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሦስት ቀን አስቤበት ጠየቅሁት።

«ሰው ሲነዳኝ አርፋለሁ» አለ።

ሲያርፍ ግን አላየሁትም። ተሳፋሪ ሁሉ በእግረኛው መንገድ በኩል ባለው በር ሲገባ እሱ ዞሮ፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ገብቶ፣ ልክ ከኋላዬ ይቀመጣል። እዚያ ሲቀመጥ በግራው መስኮቱ ብቻ ይቀራል፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ በቀኙ ይሆናል። ሲወርድ በሩን ከመክፈቱ በፊት አንገቱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ጭምር ያዞራል። ያን ጊዜ የነጂ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከጉርሻው በኋላ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ መልሼ አሰብኩት።

ስለ ሥራው ማውራት ይወዳል። በዘጠኝ ዓመቱ አባቱ ሊዮን ከተማ በነበረው ጋራዥ ውስጥ ከብረት ቁርጥራጭ በሠራለት ትንሽ መኪና ጀመረ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአገሩ ወጣቶች አንደኛ ወጣ። ከትልልቆቹ ቡድኖች አንዱ ለሙከራ ጠርቶት ቀኑን ሙሉ ከሁሉም ፈጥኖ ነዳ፤ ማታ ላይ ቦታው ደጋፊ ድርጅት ላለው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ከዚያ ሦስት ሰው እየተፈራረቀ ሃያ አራት ሰዓት በሚነዳበት ውድድር አሥር ዓመት ቆየ። አንድ ጊዜ ጎህ ሲቀድ መሪ ነበር፣ ማርሹ ተሰበረ። በ1993 አሜሪካ መጣ። ክብ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። «ሁለቱንም ዋንጫ ሚስቴ ወሰደቻቸው። እኔን መውሰድ ግን ረሳች» ብሎ ሳቀ።

ስለ እያንዳንዱ ውድድር የአየሩን ሁኔታ፣ ጎማው ስንት ዙር እንደ ቆየ፣ ማን ከየት በኩል እንዳለፈው ይነግረኛል። በ1995 ግድግዳ መታ። «ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ አረፍኩ።»

ስለዚያ ዓመት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሌላም ነገር ነበር። አባቱ ሊዮን ጋራዥ ከነበረው ባቡሩ ላይ የሠራው መቼ ነው? ጠየቅሁት። «ከዚያ በፊት» አለኝ።

ከጋሼ ወልዴ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ስሙን ብነግራቸው ከመኪናቸው ወረዱ። «ቫሬን? ሙሴ ቫሬን፣ የዴፖው አለቃ? ረጅም፣ ጢሙ ቀይ?» በማግስቱ አገኙትና በፈረንሳይኛ ጠየቁት። ሰውዬው ለሁሉም «ዊ»፣ ማለትም አዎ፣ አለ። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም፤ «ዊ»ን ግን መቁጠር እችላለሁ። ጋሼ ወልዴ ጥያቄውንም መልሱንም አብረው ሲሰጡት ለሰውዬው የቀረው መስማማት ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ እንደ ባቡረኛ ወግ አቶ ለማለት፣ ሙሴ ሉሲየን ይሉታል፤ እሑድ ማዕድ የጋበዙትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ዕለት ሜዳው ላይ የሚያስገባ ወረቀት ሰጥቶኝ ሲለማመድ አየሁት። አጭበርባሪ አይደለም። መኪናው ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ በዚያ ፍጥነት ሲዞር፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መሥመር ነው። የቡድኑ ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ተያዩ። ብቻውን ነበር የሚነዳው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መኪና ገባ። ያ ሜዳ የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ ነው፤ ሊያልፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውስጥ፣ በግራ በኩል ነው። ሁለተኛው መኪና በግራው ጎማው አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ሉሲየን መሥመሩን አልለቀቀም። ሁለተኛው ፍሬን ያዘ። ሲወርድ የሁለተኛው መኪና ነጂ፣ ገና ልጅ ነው፣ እየሳቀ «አላየኸኝም እንዴ?» አለው። ሉሲየንም እየሳቀ «አይቼሃለሁ፤ አላስገባህም ብዬ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለአለቃቸው መናገር እንዳለብኝ አሰብኩ። ጆሮው ላይ ሬዲዮ ያደረገ ትልቅ ሰው ነው። እስከ አጠገቡ ሄድኩ። «የስ?» አለኝ። መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ አሳየኝ፤ ሄድኩ።

ማክሰኞ ኤርፖርት ተራ ላይ ጋሼ ወልዴ የመኪናቸውን መስታወት ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በል።»

«ሉሲየን በግራ ዓይኑ የሚያይ አይመስለኝም።»

ጨርቁን ጨመቁና መወልወላቸውን ቀጠሉ። «ማን አለህ?»

«እትዬ እማዋይ።»

«እማዋይሽ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። ባለፈው ስኳር አለብዎት ብላ ሁለት ሳምንት ሻይ በጨው ልታጠጣኝ ምንም አልቀራት።»

«እንግሊዝኛ እየቻለ ለምን አስተርጓሚ ፈለገ ታዲያ?»

«የሐኪም እንግሊዝኛ ሌላ ነው።»

«ሜዳው ላይ ሐኪም አለ እኮ። ዴንተን ድረስ ምን አስኬደው?»

«አንተ ልጅ፣ ፖሊስ ነህ ወይስ ታክሲ ነጂ?» ብለው ቀና አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ ስትሞት ሙሴ ቫሬን ፉርጎ አስቀጥሎ አስከሬኗን አሰቦት ድረስ አሳፈረልኝ። አንድ ወረቀት አልጠየቀኝም። አሁን የዚያ ሰው ልጅ ና አለኝ፤ እሄዳለሁ። አበቃ።»

ልጁ መሆኑን በምን ያውቃሉ ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም። ተራቸው ደርሶ ከሄዱ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። «ያያል» አላሉኝም። ብዙ ነገር ተናገሩ፣ ያንን ብቻ አላሉም። ከዚያ ጀምሮ እሳቸውንም መጠርጠር ጀመርኩ፤ ይህን ማሰብ አሳፈረኝ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ይዤ ወደ ዴንተን ነዳሁ። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ጋሼ ወልዴ የድሮውን ባቡር ጣቢያዎች ስም ይጠራሉ፤ ሉሲየን ይደግማል። ደወሌ። ላሳራት። ሆልሆል። ኤረር። ናዝሬት። ሌሎችም። በመጀመሪያ ትዝታ መሰለኝ። ግን በመሥመሩ ቅደም ተከተል አይደለም የሚጠሯቸው፤ ከናዝሬት ዘለው ሆልሆል ይገባሉ። ሉሲየንም አንዱን ስም ሲስት እሳቸው ያርሙታል፣ እንደገና ያስብሉታል። ትዝታ እንዲህ አይጠናም። በመስታወቱ ጋሼ ወልዴን ባያቸው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሐኪሙ ቦት ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ነው። ጋሼ ወልዴ ወደ ውስጥ ሲገቡ ክንዴን ያዙ። «አንተም ግባ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ግራ ዓይኑን ሸፍኖ በቀኙ አነበበ። እስከ መጨረሻዋ ትንሽ መሥመር ድረስ አንድ ፊደል ሳይስት በፈረንሳይኛ ጠራው፤ ጋሼ ወልዴ በእንግሊዝኛ መለሱት። ሐኪሙ «ግሩም» አለ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን እንዲሸፍን ነገረው፤ ሲሸፍን ሰሌዳውን ገለበጠው። በጀርባው ሌሎች ፊደሎች አሉ።

«አራተኛው መሥመር።»

ጋሼ ወልዴ አንገታቸውን ወደ ፊት አስግገው ዓይናቸውን አጠበቡ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ፤ ሐኪሙ ሲያያቸው ቆሙ። ሉሲየን ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ግራውን ከፍቶ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ሰሌዳው ያለው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው።

ጋሼ ወልዴ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ቀስ ብለው በአማርኛ «ሞጌ፣ አራተኛው ምን ይላል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የጣቢያዎቹ ስም ፊደል ነው፤ ለዲ ደወሌ፣ ለኤል ላሳራት፤ የሚተረጉሙ መስለው ሊነግሩት ነው። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ሰሌዳውን አያዩትም። ይህን ለሉሲየን አልነገሩትም። የአለቃቸው ልጅ ሲለምናቸው ዓይኔ ደክሟል ማለት አሳፈራቸው፤ እኔን ያስገቡኝም ለዚሁ ነው።

እኔ አየዋለሁ። ኤፍ፣ ዜድ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኦ። ከበሩ ሆኜ ጥርት ብሎ ይነበባል። አምስቱን ብናገር ሰውዬው ያልፋል፤ ሴፕቴምበር ላይ ሃያ ምናምን መኪና በግራው እየመጣ ይነዳል። ዝም ብል ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የሠራው ሁሉ እዚህች ክፍል ውስጥ ያልቃል። ደግሞም የጠየቁኝ ጋሼ ወልዴ ናቸው። እዚህ አገር ስመጣ ማደሪያ የሰጡኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ብያቸው አላውቅም።

«አይታየኝም፣ ጋሼ» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የሀይዌይ ምልክት ከማንም በፊት እንደማነብ ያውቃሉ። ሐኪሙ «ችግር አለ?» አለ።

«ኖ፣ ኖ፣ ኦኬ» አሉ ጋሼ ወልዴ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በፈረንሳይኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ በመሐሉ ስሞቹን ለይቼ ሰማሁ። ደወሌ፣ ኤረር፣ ላሳራት፣ ናዝሬት፣ ሆልሆል። ዲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤች።

እነዚህን ፊደሎች አውቃቸዋለሁ። የታክሲ ፈቃድ በምናድስበት መሥሪያ ቤት ያለው የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ አምስተኛ መሥመር ናቸው። በእኛ ነጂዎች ዘንድ አንዱ ገብቶ ሲወጣ ለሚቀጥለው ይነግራል፤ አዲስ ለሚመጣ ልጅ ከመንገዱ ካርታ ጋር አብሮ ይሰጠዋል። ለእኔም ጋሼ ወልዴ አስጠንተውኝ ነበር፤ እንደ ቸርነት ነበር የቆጠርኩት። ስንት ዓመት በእነዚያ አምስት ፊደሎች ሲነዱ እንደ ኖሩ አሁን ታየኝ። ሌላ ሰሌዳ ስለማያውቁ እዚህም ያንኑ አሉ።

ሉሲየን ደረቱን ነፍቶ አምስቱን ፊደሎች ጮክ ብሎ ጠራ።

ሐኪሙ ሰሌዳውን አየ። ሉሲየንን አየ። «አንዱም ልክ አይደለም» አለ። ብዕሩን አስቀመጠና «እጅህን አውርድ» አለው፤ ይህን ማንም አልተረጎመለትም፣ ሉሲየን ግን ወዲያው እጁን አወረደ። በቀኝ ዓይኑ ሰሌዳውን ፈለገ፤ አገኘው፤ አነበበው።  ሐኪሙ ጋሼ ወልዴንና እኔን ውጭ እንድንጠብቅ ነገረን።

 ወደ ዳላስ ስንመለስ፣ ሉዊስቪል አካባቢ፣ ሉሲየን በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ፣ «አጠገቤ ያለውን ሽማግሌ እንዲጥለኝ የላከው የትኛው ቡድን ነው?» አለኝ።

ጋሼ ወልዴ ሰምተዋል። አንገታቸውን ደፉ።  ባላደረጉት ክህደት ሊታሙ ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ይቀራል።

«ማንም አልላካቸውም። እሳቸው ሰሌዳውን አያዩትም፤ ላንተ መንገር አፍረው ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ጠየቁኝ፤ አይታየኝም አልኩ።»

በመስታወቱ አየኝ። «ምን ይል ነበር?»

«ኤፍ፣ ዜድ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኦ።»

«ልክ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ነው የነዳሁት። አንተ ስንት ዓመት ነዳህ?»

«ሁለት።»

«ሁለት» ብሎ ሳቀ። «እና አንተ ፈረድክ።»

«ሰኞ ዕለት ያ ልጅ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ያዘ እኮ።»

«አዎ፣ እሱ ያዘ» አልኩ።

 ጋሼ ወልዴ በአማርኛ «ለሽማግሌ ዋሸህ» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔም ለሙሴ ቫሬን ልጅ ዋሸሁ።»

ልጁ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልተናገረም።

አርብ ዕለት የሐኪሙ ወረቀት ለቡድኑ ደረሰ። ሉሲየን ማክሰኞ ዕለት ሌላ ታክሲ ጠርቶ ኤርፖርት ሄደ። ጋሼ ወልዴ በዚያው ወር የታክሲ ፈቃዳቸውን መለሱ። ሴፕቴምበር ላይ መኪናውን ሌላ ሰው ነዳው፤ አሥራ አንደኛ ወጣ።